የግቢያችን ውሃ መውረጃ

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ በግቢያችን የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ከመኪናቸው አጠገብ፣ ግቢው ወደ ታች በሚያዘነብልበት ጥግ ቆመዋል። ከክፍለ ከተማ የተላከችው ኢንጂነር በግቢው መሐል፣ ከማንሆሉ ክዳን ጎን፣ የተጠቀለለ ፕላን በብብቷ ይዛ ቆማለች። ከእኔ ቤት ሥር፣ ግራውንድ ላይ የምትኖረው ጎረቤቴ በራፏ ላይ ነበረች፤ እርጥብ ምንጣፏ ከበሩ አጠገብ ተሰጥቷል። የግቢው ጥበቃ ከቆርቆሮ ቤቱ ፊት ለፊት ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። ታክሲ የሚነዳ አንድ ወጣት ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተደግፎ ቁልቁል ያያል። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ፤ ከመሬት ሁለት ደረጃ ከፍ ብዬ፣ እጄን በመደገፊያው ብረት ላይ አድርጌ።

ሌሎቹ የብሎካችን ነዋሪዎች ጠዋት በየቤታቸው ፈርመው ጨርሰዋል። ሊቀመንበሩ የያዙት ወረቀት ቃለ ጉባኤ ነበር። ጥበቃው በቸልተኝነቱ ምክንያት እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራውን እንዲለቅ፣ የሚኖርበትንም የቆርቆሮ ቤት እንዲያስረክብ ይላል። የቀረው የሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ የጎረቤቴ፣ የበረንዳው ወጣትና የእኔ። ወሩ ሐምሌ ነው። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ሁላችንም በየመሐሉ ቀና እንል ነበር።

ነገሩ የመጣው ከሐሙስ ዝናብ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ፤ ካባራ በኋላ በጎረቤቴ ሽንት ቤት በኩል ፍሳሽ ገንፍሎ ወጣ። ኮሪደሩን አልፎ መኝታ ቤት ገባ። ጎረቤቴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በርበሬና ቅመም የምትሸጥበት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ሱቋ ስለማይበቃት ያስፈጨችውን በርበሬ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ ቤቷ ታስቀምጣለች። ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ከረጢቶች ከሥራቸው ረጠቡ። ይህ ሲሆን የመጀመሪያው አልነበረም። ሦስት ክረምት ሆኖታል።

ኢንጂነሯ የመጣችው ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ክፍለ ከተማው በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ የተነጠፈውን ድንጋይ በከፊል አንስቶ ሣርና ዛፍ ሊተክልበት፣ የዝናቡም ውሃ ወደ አስፋልትና ወደ ወንዝ ከሚሮጥ እዚያው መሬት ውስጥ እንዲሰርግ ሊያደርግ ነው ተባለ። የእኛ ግቢ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነበር። በፕላኑ ላይ አትክልቱ የተሳለው በዋናው በር በኩል ነው፤ ከመንገድ ይታያል። ሊቀመንበሩ ይህን ወደውታል። መኪናቸውን ከሚያቆሙበት ጥግ ርቆላቸዋል።

ይህ ግቢ ኮንዶሚኒየም ከመሆኑ በፊት እኔ እዚሁ ነበርኩ። ያኔ የቀበሌ ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩበት፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ መንገድ ያለው ሰፈር ነበር። ለልማት ሲነሳ ተነሺ ተብለን ወጣን፤ ሕንፃው ሲያልቅ ዕጣ ደረሰኝና ተመልሼ ገባሁ። አንደኛ ፎቅ ነው የደረሰኝ። በመስኮት ሳይ የድሮ ቤቴ የት እንደነበር በልቤ እለካለሁ። ሊቀመንበሩ መኪናቸውን የሚያቆሙበት ጥግ የእኔ በር የነበረበት ነው።

በድሮው ሰፈር ሲያስገመግም ከላይኛው ቤት ያለችው ሴት «ውሃ መጣ!» ብላ ትጣራለች። ቀጥላ ያለችው ሰምታ ለታችኛዋ ታስተላልፋለች። ድምፃችን ከውሃው ቀድሞ ሰፈሩ መጨረሻ መድረስ ነበረበት። እያንዳንዷ ዶማና አካፋ ይዛ ትወጣና በደጇ ያለውን ቦይ ትከፍታለች፤ በድንጋይ የተከደነ ከሆነ ድንጋዩን ታነሳለች። ቦይዋን ሳትከፍት ቀርታ ውሃ የጎረቤቷ ቤት የገባ እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ የሚያናግራት የለም። ማንም አይቆጣትም፤ ዝም ነው የምትባለው። እኔ አዲስ ሙሽራ ሆኜ በመጣሁበት ዓመት አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ቤት ቁጭ ብዬ አላውቅም። የእኔ ደጃፍ ድንጋይ ከባድ ስለነበር ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አብነት ሰፈር ከሚሠራበት የብረታ ብረት ቤት በፌሮ መንጠቆ ሠርቶ አመጣልኝ። እጀታው ላይ ጎማ ጠቅልሎበታል። ሰፈሩ ሲፈርስ ብዙ ነገር ትቼ ስወጣ መንጠቆውን አልተውኩትም።

ጎረቤቴ ወደ ግራውንዱ ቤት በገባች በመጀመሪያው ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። በመስኮት ሳይ ውሃው ጥጉን ሞልቶ ወደ በራፏ ይሄዳል። እሷ ሱቋ ናት። የማንሆሉ የብረት ክዳን ተሰርቆ በሲሚንቶ ክዳን ተተክቷል፤ ሲሚንቶው ላይ ሁለት የፌሮ ቀለበት አለው። ቀለበቶቹን ሳይ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ከአልጋዬ ሥር መንጠቆውን አውጥቼ ወረድኩ። አንዱን ቀለበት ያዝኩና ሳብኩት፤ ክዳኑ ተነሳ። ውሃው እየዞረ ገባ። በራፏ ሳይደርስ ቀረ። ዝናቡ ሲያባራ ክዳኑን መልሼ ገባሁ። ለማንም አልነገርኩም። ቦይ ከፈትኩ ብሎ የሚያወራ ሰው በእኛ ሰፈር አልነበረም።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ጎረቤቴ ስትጮህ ሰምቼ ወረድኩ። ሽንት ቤቷ ገንፍሏል። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ መወልወያዬን ይዤ ገባሁና አብረን ጠረግን። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ዝናብ በዘነበ ቁጥር እንዲሁ ነበር፤ ከሰዓት ክዳኑን አነሳለሁ፣ አመሻሽ ላይ እሷ ቤት እጠርጋለሁ። መወልወያውን ማመላለሱ ሲሰለቸኝ እሷው ቤት ተውኩት። ሁለቱን ነገር አላገናኘኋቸውም። እንዲያውም ክዳኑን ባላነሳ ውሃው በበሩም ገብቶ ይብስባት ነበር እያልኩ አስብ ነበር። እሷ ከሱቅ ስትመለስ አንድ ጥቅል መከለሻ ወይም ኮረሪማ ታመጣልኛለች። ሁልጊዜ በሁለት እጇ ነው የምትሰጠኝ።

ጥበቃው ያውቃል። ከሁለተኛው ክረምት ጀምሮ ከደረጃው ስወርድ ሲያየኝ ጃንጥላ ይዞልኝ ይቆም ነበር። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ያንሳል። ክዳን የሚያነሳ ሰው ካየ ለኮሚቴው መናገር ከሥራው አንዱ ነው።

እሑድ ዕለት ኢንጂነሯ ክዳኑ እንዲነሳ ጠየቀች። ጥበቃው ወፍራም ብረት አምጥቶ ከጎኑ እያስገባ ታገለው። ብረቱ ሁለት ጊዜ አዳለጠው።

«ጋሼ፣ ቀስ! እግርዎን እንዳይቆርጠው!» አለ ወጣቱ ከበረንዳው። «ወርጄ ላግዝዎ እንጂ።»

«ቆይ አንተ ከላይ ሆነህ ቀልድ» አለችው ጎረቤቴ። «አንተ ሽንት ቤት ስትገባ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ኢንጂነሯ ሳቀች። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቁም። «እህቴ፣ በሥርዓት እናውራ» አሏት።

«በሥርዓት ነው የማወራው ጋሼ። በሰው ቤት ዝናብ ከላይ ነው የሚመጣው፣ በእኔ ቤት ከታች ይዘንባል። በርበሬዬን ለሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ሽታው አልለቅ አለ። ምን ብዬ ነው የምሸጠው? ልዩ ቅመም አለው ልበል?»

ክዳኑ ተነሳ። ኢንጂነሯ ረጅም እጀታ ባለው አካፋ ከጉድጓዱ ሥር ጭቃ አወጣችና ድንጋዩ ላይ ዘረገፈችው። አሸዋ፣ ቅጠል፣ የፕላስቲክ ቁርጥራጭና አንድ የሕፃን ጫማ ነበረበት።

«ይህ ከሽንት ቤት የሚመጣ አይደለም» አለች። «የግቢው አፈር ነው። ይህ መስመር የተሠራው ለሽንት ቤትና ለወጥ ቤት ውሃ ብቻ ነው። የዝናብ ውሃ ከተለቀቀበት አሸዋው ይደፍነዋል። ውሃው የሚሄድበት ሲያጣ ደግሞ ተመልሶ መውጫ ይፈልጋል። በዚህ ብሎክ ዝቅ ያለው መውጫ የማን ሽንት ቤት ነው?»

ሁሉም ጎረቤቴን አየ። እኔም አየኋት።

«ስለዚህ» አለች ኢንጂነሯ፣ «ዝናብ ሲዘንብ ይህን ክዳን የሚከፍት ሰው አለ። የእኛ ፍሳሽ መጣጭ መኪና ስንት ጊዜ ቢመላለስ ዋጋ የለውም፤ ክዳኑ ከተከፈተ በሚቀጥለው ዝናብ ያው ነው።»

እዚያ ላይ ነው የገባኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ሦስቱን ክረምት ከመጀመሪያው አንስቼ ቆጠርኩ። እያንዳንዱ ዝናብ ትዝ አለኝ። መደገፊያውን ምን ያህል አጥብቄ እንደያዝኩት ያወቅኩት በማግስቱ መዳፌ ሲያመኝ ነው።

ጥበቃው ወደ እኔ አላየም። ቆቡን እያሽከረከረ ጫማውን ያያል።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ከፍ አደረጉ። «እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። የግቢው ክዳን በማን ኃላፊነት ነው ያለው? በጥበቃው። ወይ ራሱ ከፍቶታል፣ ወይ ሲከፈት ተኝቷል። አንተ፣ ተናገር እንጂ!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ጥበቃው።

«ከፍተኸዋል?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ እኮ።»

ኢንጂነሯ ተንበርክካ ክዳኑን ታይ ነበር። በጣቷ አንዱን ቀለበት ዳሰሰች። «ቆይ እስቲ» አለች። «ፌሮው በሙሉ ዝጓል፤ ይህቺ ቦታ ግን ታበራለች። በመንጠቆ ነው የሚነሳው፤ ብዙ ጊዜም ተነስቷል። አባ፣ መንጠቆ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ካለህ አውጣው» አሉ ሊቀመንበሩ። «አሁን ደግሞ ልትዋሽ ነው?»

«የለኝም ጌታዬ።»

ሊቀመንበሩ ወደ ቆርቆሮው ቤት ሄዱ። በሩ መቀርቀሪያ ስለሌለው ገፋ ሲያደርጉት ተከፈተ። ውስጡን ከደረጃዬ ላይ ሆኜ ማየት እችላለሁ፤ አንድ ፍራሽ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ የወታደር ካፖርት፣ አንድ ትንሽ የከሰል ማንደጃ። ፍራሹን በእግራቸው ገልበጥ አደረጉት። ካፖርቱን አውርደው ኪሱን ዳበሱ። ጥበቃው ካለበት አልተንቀሳቀሰም፤ አንገቱ ግን ጠቆረ። ሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ።

«ኧረ ፋዘር፣ ይተዉዋቸው!» አለ ወጣቱ። ቀልዱ ከድምፁ ጠፍቶ ነበር።

«አንተ ትፈርማለህ ወይስ አትፈርምም?»

«ማዘር ከፈረሙ እፈርማለሁ።»

ሊቀመንበሩ ባዶ እጃቸውን ከቆርቆሮው ቤት ወጥተው ወረቀቱን በመጀመሪያ ለጎረቤቴ ሰጧት። እሷ ጥበቃውን ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው። «እኔም ልጅ አለኝ። ቆሻሻ ውስጥ ነው የምናድረው።» ፈረመች። ከዚያ ወረቀቱ ወደ እኔ መጣ። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን ከፍተው ነው ያቀበሉኝ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ። ዝናቡ ሳይመጣብን።»

ወረቀቱን አነበብኩት። ሁለተኛ ደረጃ ስማር መምህራችን ሳያነቡ መፈረም ነውር ነው ይሉን ነበር፤ እስከ ዛሬ ሳላነብ አልፈርምም። የጥበቃው ስም በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። በጎረቤቴ ፊርማ ላይ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ» አልኳት ኢንጂነሯን። «ክዳኑ ባይነሳ የዝናቡ ውሃ በየት ይሄዳል?»

ፕላኑን ፈታ አድርጋ በጣቷ አሳየችኝ። «እዚህ በሩ ጋ የዝናብ ውሃ መውረጃ ፍርግርግ አለ እናቴ። ወደዚያ ነው የሚሄደው።»

«እዚያ ደርሶ አያውቅም። በሩ ከፍታ ላይ ነው። ውሃው የሚወርደው ወደዚያ ነው» አልኳት፤ የሊቀመንበሩን መኪና አሳየኋት። «ድሮም ወደዚያ ነበር። እዚያ ቦይ ነበር፣ ከላይ መጥቶ በእኔ ደጅ አልፎ ከአጥሩ ውጭ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ሕንፃው ሲሠራ ሞልተውት ድንጋይ አነጠፉበት።»

«እትዬ፣ ስለ ድሮ ሰፈር ሌላ ጊዜ እናወራለን» አሉ ሊቀመንበሩ። «አሁን የተያዘው ጉዳይ…»

«ክዳኑን የማነሳው እኔ ነኝ።»

 ወጣቱ ከላይ ሳቀ።

«ማዘር ደግሞ! ለጋሼ ብለው ነው እንጂ ይሄን ክዳን? እኔ ራሴ አላነሳውም!»

«እትዬ፣ ደግነትዎን እናውቃለን» አሉ ሊቀመንበሩ። ለሕፃን እንደሚናገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። «ለእሱ ማዘንዎ ይገባናል። ግን እንዲህ ያለ ነገር…»

ወረቀቱን መለስኩላቸው። ደረጃውን ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። መንጠቆውን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁ። ስመለስ ጥበቃው ደረጃው ሥር ደርሶ ነበር።

«እትዬ፣ ይተዉት» አለኝ በቀስታ። «እኔ የትም አልጠፋም። ይመለሱ።»

«ዞር በል» አልኩት።

ኢንጂነሯ በጥበቃው ብረት ክዳኑን ገፍታ መልሳ ከድናዋለች። መንጠቆውን የሚያበራው ቀለበት ውስጥ አስገባሁ። እግሬን አራርቄ፣ ወገቤን ሳላጎብጥ፣ ወደ ኋላ ሳብኩት። ክዳኑ ሲሚንቶውን እየፋቀ ተነሳና ወደ ጎኑ ዞረ። ከበረንዳው ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ሁልጊዜ?» አለች ኢንጂነሯ።

«በራፏ ሲደርስ ብቻ ነው። ወደ ቤቷ እንዳይገባ።» ጎረቤቴን ላያት ፈልጌ ነበር፤ ጉድጓዱን አየሁ። «ቦይ መስሎኝ ነው።»

«ሐሙስም?»

«ሐሙስም።»

«ታዲያ አንተ ለምንድን ነው የዋሸኸው?» አሉ ሊቀመንበሩ ወደ ጥበቃው ዞረው።

«አልዋሸሁም። መንጠቆ የለኝም አልኩ፣ የለኝም።» ቆቡን ራሱ ላይ አደረገ። «ጃንጥላ ነው ያለኝ።»

የዝናቡ ጠብታ ፕላኑ ላይ አረፈ። ኢንጂነሯ ወረቀቱን ጠቅልላ ጃኬቷ ውስጥ አስገባችና ወደ ጥጉ ሄደች። ከመኪናው ጎማ ሥር ያለውን ድንጋይ በጫማዋ ነካካች፤ ድንጋዩ ላይ ጥቁር የውሃ መስመር ነበር፣ የየክረምቱ ምልክት። ወደ እኔ ዞረች።

«ቦዩ የነበረው የቱ ጋ ነው? ያሳዩኝ።»

ሄጄ አሳየኋት። ከደረጃችን ጥግ ተነስቼ፣ ከጎረቤቴ በራፍ ስድስት እርምጃ ርቄ፣ በመኪናው ሥር እንደሚያልፍ አሳይቼ እስከ አጥሩ ተራመድኩ። አጥሩ ሥር ያለው ድንጋይ ከሌላው ዝቅ ያለ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ገና እየሰመጠ ነው። እሷ ከኋላዬ እየተከተለች ከቦርሳዋ ባወጣችው ኖራ አሰመረች። ዛሬ በዚያ መስመር ላይ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ የሣር ቦታ አለ፤ ዙሪያውን ሸንበቆ ተተክሎበታል፣ ከግቢው ውጭ የመጣ ሰው ለውበት የተሠራ ይመስለዋል። ያን ዕለት ግን የኖራ መስመር ብቻ ነበር፤ ዝናቡም ሊያጥበው ጀምሯል።

«መኪናውን ያንሱልኝ» አለቻቸው ሊቀመንበሩን። «ድንጋዩን በዚህ መስመር እናነሳለን። ለዛሬ ጠባብ ቦይ ይበቃል።»

«ዛሬ? በእሑድ? ፕላኑ እኮ አልጸደቀም። አትክልቱ በበሩ በኩል ነው ተባብለን…»

«ፕላኑን የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። የሳልኩት ስፋቱን እንጂ ቁልቁለቱን አይቼ አይደለም። ነገ አስተካክዬ አስጸድቃለሁ። አሁን ግን ዝናቡ ይኸው፤ ክዳኑ ደግሞ ከእንግዲህ አይከፈትም። ውሃው ወይ በዚህ ይሄዳል ወይ እሷ ቤት ይገባል።»

«ቃለ ጉባኤውስ?»

«ጥበቃውን የሚያባርረው? የጻፋችሁት እሱ ያላደረገውን ነው። በዚህ ላይ እኔ ምስክር አልሆንም።»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አዩት። መርጠብ ጀምሯል። አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ቁልፋቸውን ሌላኛው ኪሳቸው ውስጥ ሲፈልጉ ቆዩ። መኪናውን አስነስተው ወደ በሩ በኩል ወሰዱት፤ ከተነሳበት ቦታ ያለው ድንጋይ እርጥብ ነበር።

ወጣቱ በባዶ እግሩ ሲወርድ ጥበቃው ዶማውን ከቆርቆሮው ቤት ጀርባ አምጥቷል። መስመሩ ጋ ደርሶ ቆመና እኔን አየ። በየት በኩል እንደሚጀምር ነው የጠየቀኝ። ከታች፣ ከአጥሩ ጀምሮ ወደ ላይ መምጣት እንዳለበት በእጄ አሳየሁት፤ ከላይ ከተጀመረ ውሃው ቆፋሪውን ይቀድመዋል። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲነሳ ጥቁር አፈር ወጣ፤ የድሮው ቦይ አፈር ነው፣ ሽታውን አውቀዋለሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቆፍሩ፣ እኔ ላንሳ» አለ ወጣቱ። «እዚች አካባቢ እኮ አሪፍ ኢንጂነር አለች፤ ማዘርን ማለቴ ነው።»

ጥበቃው ዶማውን አነሳ። እሱም ድንጋዩን ማንሳት ቀጠለ።

መንጠቆውን ለኢንጂነሯ ሰጠኋት። መጀመሪያ ምን እንደምታደርግበት ግራ ገባት፤ በኋላ ክዳኑን በእሱ ጎትታ ጉድጓዱ ላይ መለሰችው። መንጠቆውን ልትመልስልኝ ዘረጋችው፤ አልተቀበልኳትም። ከጥበቃው ጃንጥላ ጎን፣ ቆርቆሮው ላይ አስደግፋ አስቀመጠችው።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ጊዜ ከበራፏ አልራቀችም። ክዳኑን ሳነሳ አይታኛለች፣ በመስመሩ ላይ ስሄድም አይታኛለች። ወደ እሷ ሄድኩ። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። በርበሬውን ልላት ይሆናል፤ ወይም ልጇን።

«ስንት ጊዜ አብረን ጠረግነው፣ እትዬ?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እማማ ነበር የምትለኝ።

«በቆጠርኩት አሥራ አንድ ጊዜ።»

«በርበሬው ላይ ሳለቅስ ትከሻዬን ይዘውኝ ነበር።»

«ነበር።»

«አላወቁም?»

«አላወቅኩም።»

ራሷን ነቀነቀች። አመነችኝም አላመነችኝም መለየት አልቻልኩም። ገብታ ትንሽ ቆየች። ውስጥ የከረጢት መጎተት ድምፅ ሰማሁ፤ ከመሬት ከፍ ወዳለ ቦታ እያነሳቻቸው ነው። ዝናቡ ጠንከር ማለት ጀመረ። ከጀርባዬ የዶማው ድምፅ ይሰማል፤ ጥበቃው አንድ፣ ሁለት እያለ ይመታል፣ ወጣቱ ድንጋዩን እየወረወረ «ይቀጥሉ ጋሼ፣ ደርሰናል!» ይላል። ዞር ብዬ ሳይ ውሃው ከጥጉ ተነስቶ አዲሱን ቦይ አገኘው። ጠጠሩን እየገፋ ወደ አጥሩ ሄደ።

ጎረቤቴ ተመልሳ ወጣች። መወልወያዬን ይዛለች። ታጥቦ ደርቋል። በአንድ እጇ ዘረጋችልኝ፤ በሌላኛው በሩን ይዛለች።

መወልወያዬን ተቀብዬ ደረጃውን ወጣሁ።